ምስሉ ደርሷል፤ ሙልሙሉስ ለማን ደረሰ?

ዛሬ ከወትሮው የፖለቲካ ትንታኔ ትንሽ ወጣ ብለን፣ ግን ሁላችንንም በየቀኑ የሚነካ አንድ ጉዳይ እናነሳለን። አደባባይ ላይ የሚካሄዱ ጨዋታዎቻችን፣ ዜማዎቻችን፣ በዓሎቻችን በቀጥታ ስርጭት ወደ ስልካችን መግባታቸው ለእኛ ምን ሰጠን? ለሚጫወቱት ልጆችስ ምን ሰጣቸው? ጥያቄው ይሄ ነው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ግሪን ቫሊ ነው። ባለፈው የቡሄ ዋዜማ ጥቂት ቤተሰቦች ተጠራርተን ልጆቻችንን ሰፈራችን ወዳለው ፓርክ ወሰድናቸው። ነሐሴ ላይ ላስ ቬጋስ እንዴት እንደሚጠብስ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቅን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ክብ ሠሩና ሆያ ሆዬ ጀመሩ። አማርኛቸው ይወላገዳል፤ ግን ከልባቸው ነው። እኛም ስልካችንን ማቆሚያው ላይ ሰክተን በላይቭ አስተላለፍነው።

እዚህ ምሽት ሲሆን አገር ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ እዚያ ቡሄ ገብቷል። ከሚያዩት መሃል ደሴ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ የአንደኛው ልጅ አያት ናቸው። ለዚሁ ብለው ከእንቅልፋቸው ተነስተዋል። ልጆቹ ሲጨርሱ አባትየው ስልክ ደውሎ "እማዬ እንዴት አየሻቸው?" አላቸው። "አምሮባቸዋል፣ እደጉ በልልኝ። ለመሆኑ ሙልሙሉን ማን ሰጣቸው?" አሉ።

መጀመሪያ ሳቅን። ሙልሙል የጋገረ ሰው አልነበረም። ውሃ፣ ጁስና ቺፕስ ነበር የያዝነው። ካሜራ ይዘናል፣ ማቆሚያ ይዘናል፣ ተጨማሪ ባትሪ ሳይቀር ይዘናል። የተረሳው ሙልሙሉ ብቻ ነው። በኋላ ስናስበው ግን የእማማ ጥያቄ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። ስለ ቀጥታ ስርጭት እስከ ዛሬ ከሰማነው ሁሉ ዋናውን ነገር የነካው እሱ ነው።

እስቲ እንመልከተው። የእኛ የአደባባይ ጨዋታ አብዛኛው መጨረሻው ስጦታ ነው። የቡሄ ልጆች በየደጁ ዞረው ይጨፍራሉ፤ ባለቤቱ ሙልሙል ወይም ብር ይሰጣል፤ ልጆቹ መርቀው ይሄዳሉ። ነሐሴ 16 ላይ ደግሞ የሴቶቹ ተራ ነው። ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል፣ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ቆቦና አካባቢው ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። ልጃገረዶቹ ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ይዞራሉ፤ ያየ ሰው ይሸልማል። አዝማሪም እንዲሁ ነው። "ተቀበል" ትለዋለህ፣ ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ይቀበልሃል፣ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ስጦታው ከጨዋታው ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ተመልካቹም በስጦታው ከጨዋታው ውስጥ ይገባል።

አሁን ካሜራው መጣ። 30 ሰው ያየው የነበረውን 30 ሺህ ሰው ሊያየው ይችላል። ምስሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ ዲሲ፣ ሲያትል፣ ፍራንክፈርት፣ ቤይሩት፣ ላስ ቬጋስ ይደርሳል። ስጦታው ግን በዚያው መንገድ ተመልሶ አይሄድም። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። የዛሬው ክርክራችን ይሄው ነው።

ከመውቀሳችን በፊት ግን ሐቁን እንናገር፤ ቀጥታ ስርጭት ለስደተኛው ትልቅ ጸጋ ነው። ይሄን የምንለው ከራሳችን ተነስተን ነው። ጥር 10 የከተራ ቀን ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሲወጡ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ የያዝን ታክሲ ነጂዎች ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን፣ መኪናው በቆመበት፣ በስልካችን እናየዋለን። ከጎናችን ያለው ታክሲም ያንኑ ከፍቶ ታገኘዋለህ። በማግስቱ ጃንሜዳ ጠዋት 2 ሰዓት ሲል እዚህ ገና የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ነው፤ ልጆችን አስቀምጦ ለማሳየት ይመቻል። የመስቀል ደመራ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሲለኮስ እኛ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ቡና እየጠጣን እናያለን። ዩኔስኮ መስቀልን በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ጥምቀትን በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እኛ በሩቁ ኮርተናል። በዓይናችን እንድናየው ያደረገን ግን ካሜራው ነው። በኮሮና ጊዜ የመስከረም 2013 ዓ.ም. ደመራ በተወሰነ ሰው ብቻ ሲከበር፣ አዲስ አበባ ያለው ሕዝብ ሳይቀር በስክሪን ነው ያየው። ስለዚህ "ላይቭ ይቅር" የሚል ሰው ካለ ከእኛ ጋር አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ገንዘቡን ተከተሉት። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው በላይቭ ጊዜ 10 ዶላር ሱፐር ቻት ቢልክ፣ በኩባንያው ደንብ መሠረት ወደ 7 ዶላር ገደማ ለቻናሉ ባለቤት ይሄዳል፤ ቀሪው የዩቲዩብ ነው። ለምታሸበሽበው ልጅስ? ዜሮ። ከበሮ ለሚመታውስ? ዜሮ። ስሙ እንኳን አይጠቀስም። ከታች "በላስታ የተከበረው ድንቅ በዓል" ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ።

ቲክቶክ ይብሳል። ቢቢሲ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ፣ ሶሪያ ውስጥ በመጠለያ ካምፕ ያሉ ቤተሰቦች በላይቭ ስጦታ ሲለምኑ፣ ከሚላክላቸው ገንዘብ ኩባንያው እስከ 70 በመቶ እንደሚወስድ ዘግቦ ነበር። ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ብሎ ተከራክሯል። በተረፈችው ላይ ደግሞ ስልክ ይዘው የቀረጹት አገናኞች ድርሻቸውን ያነሳሉ። የሰው ሐዘንም ሆነ የሰው ደስታ፣ መንገዱ አንድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ለመክፈት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ሕጉ ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ ስለሆነ እንደግፈዋለን። ውጤቱን ግን አስተውሉ። የ14 ዓመቷ የአሸንድዬ ልጅ የራሷን ላይቭ መክፈት አትችልም። እሷን የሚያሳይ ሌላ ሰው ግን ይከፍታል፤ ፊቷንም፣ ሰፈሯንም፣ አንዳንዴ ስሟንም ያወጣል፣ ስጦታውንም ይሰበስባል። ከሥር የሚጻፈውን ኮሜንት እያያችሁት ነው። ለእህቱ ቢጻፍ የሚደባደብበትን ቃል ለማያውቃት ልጅ የሚጽፍ አለ። ድሮ ሲሸለሙ የሚያያቸው የሰፈሩ ሰው ነበር፤ አባትም ወንድምም እዚያው ቆሞ ነበር። አሁን የሚያያቸውን ሰው አያውቁትም።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር ለምንኖርባት ከተማ አዲስ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. እዚህ ላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች በመድረክ የሚጫወቱ ኦርኬስትራዎችን ትተው በካሴት የተቀዳ ሙዚቃ መጠቀም ጀመሩ። ሎካል 369 የሚባለው የሙዚቀኞች ማህበር ሥራ አቁሞ ለወራት ተሰለፈ፤ ያሰበውን ግን አላገኘም። ዳንሰኛው መድረክ ላይ ቀረ፣ ድምፁ ግን ከማሽን ወጣ፣ ነፊው ቤቱ ገባ። ትምህርቱ ምንድነው? ድምፅህ ከአንተ ተለይቶ መሄድ ከቻለ፣ በጊዜ ካልተደራደርክ ካንተ ይልቅ ማሽኑ ይቀጠራል።

በሌላ በኩል በጊዜ የተደራደሩም አሉ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ትርኢቱን በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ከሙያተኞቹ ማህበራት ጋር የገቢ ድርሻ ተስማምቶ ነው የገባበት። በእርግጥ እሱ አዳራሽ ነው፣ ትኬት አለው፣ ጠበቃ አለው። አደባባይ ላይ በር የለም፤ በር ከሌለ ደግሞ የሚቆርጥ የለም። የእኛዎቹ አደባባይ ላይ ስለሆኑ "የማንም ነው" ተብሎ ይወሰዳል።

ግን በሕጋችንም የማንም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከያኒው ትርኢቱ ሲሰራጭ የመፍቀድና የመከልከል መብት ይሰጠዋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ደግሞ ሮያሊቲ የሚሰበሰብበትን መንገድ ዘርግቷል። ወረቀቱ አለ። የሰቆጣ ልጃገረድ ግን ይሄን አዋጅ ይዛ ላስ ቬጋስ ያለ ቻናል ልትከስ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንመለስ፤ አንድ የሚገርም ታሪክ አለ። በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ላይቭ ኤይድ የሚባለው ኮንሰርት በለንደን ዌምብሌይና በፊላደልፊያ ጄኤፍኬ ስታዲየም ተካሄደ። ያ በሳተላይት በቀጥታ ከተላለፉ የአደባባይ ዝግጅቶች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ነበር ማለት ይቻላል። የተካሄደውም በእኛ ስም ነው፤ በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ለምን ተሳካ? ምስሉና መስጫው አብረው ስለሄዱ ነው። ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥሩና አድራሻው ነበር፤ ያየ ሰው ወዲያው ይደውላል። በእርዳታው አሰጣጥ ላይ የተነሳው ክርክር ሌላ ርዕስ ነው። እኛን የሚያሳዝነን አንድ ነገር ነው፤ በእኛ ስም በተዘረጋ መድረክ ላይ የእኛ ድምፃዊ አልወጣም። ያኔ የእኛ ረሃብ ነበር የታየው፣ ዘፈኑ የሌላ ነበር። ዛሬ ዘፈኑ የእኛ ሆኗል፤ መስጫው ግን ጠፍቷል። ያን ጊዜ የተቻለው አሁን፣ ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ፣ እንዴት አይቻልም?

ምስሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይደርስም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሻደይና አሸንድዬ ደረሱ። ያ ዓመት ያደረው ከስልክ ጥሪ ጋር ነበር፤ "ደህና ናችሁ ወይ?" ብቻ። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የሃጫሉን ግድያ ተከትሎ መላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አልነበራትም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ደግሞ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ነበር። ይሄን የምናነሳው ለፖለቲካ ብቻ አይደለም። አንድ በዓል ሙሉ በሙሉ በላይቭ ላይ ከተደገፈ፣ ማብሪያ ማጥፊያው የመንግሥት እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ስጦታውና የቃል ትምህርቱ ካለ ግን መስመር ቢቆረጥም ጨዋታው ይኖራል።

አንዳንዶቻችሁ ቪዲዮው ሥር ጥሩ ጥሩ ተቃውሞ ጽፋችኋል፤ ሁለቱን እናንሳ።

የመጀመሪያው "መታየታቸው ራሱ ጥቅም ነው፣ ቱሪስት ይመጣል" የሚል ነው። እውነት አለበት። ግን መታየት ዳቦ የሚሆነው ተያይዞ የሚመጣ ነገር ሲኖር ነው። ጸጥታ በታጣበት፣ መንገድ በተዘጋበት ዓመት ላሊበላን በስልኩ ያየ ሰው አውሮፕላን አይሳፈርም። ያን ዓመት ልጆቹ ጋ ሊደርስ የሚችለው ያ ያየው ሰው የሚልከው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። "ጥምቀትና ደመራ አምልኮ ነው፤ ካህን ሽልማት አይጠብቅም፣ ገንዘብ አታስገቡበት" ብላችኋል። ትክክል ናችሁ። ያሬዳዊ ዜማ ቲፕ የሚወረወርለት አይደለም። ግን ገንዘቡ እኮ ገብቷል! ማስታወቂያው በወረቡ መሃል ይመጣል፤ ሱፐር ቻቱም ይደወላል። የማይደርሰው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ያንን ዜማና ዝማሜ ያወረሱት ሊቃውንት በአብነት ትምህርት ቤት ቁራሽ ለምነው የተማሩ ናቸው፤ ዛሬም አኩፋዳ ይዞ የሚዞር ተማሪ አለ። በእሱ ዜማ የተሰበሰበ ዶላር እሱ ወደሚማርበት ጉባኤ ቤት ቢሄድ አምልኮውን ያረክሳል? እኛ አይመስለንም።

እሺ ምን ይደረግ? እኛ ሕግ አውጪ አይደለንም። ግን ከገዛ እጃችን መጀመር እንችላለን፤ እጃችንም ንጹህ አይደለም። ከአሁን በፊት ሌላ ሰው አገር ቤት ሆኖ ያስተላለፈውን የበዓል ላይቭ በእኛ ቻናል ደግመን ለቀን ሱፐር ቻት ተቀብለናል። ስልኩን ለያዘው ልጅ "እናመሰግናለን" አልነው እንጂ ሌላ ነገር አልላክንለትም። ጥፋት ነው፤ ጥፋት መሆኑን ያወቅነው በእማማ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ በዚህ ቻናል ላይ የሚሆነው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ የአደባባይ ጨዋታ ወይም በዓል በቀጥታ ስናስተላልፍ፣ በዚያ ሰዓት የገባውን ስጦታ ሙሉውን ለተጫዋቾቹ፣ መንፈሳዊ በዓል ከሆነም ለአብነት ትምህርት ቤት እንልካለን። የገባውንና የሄደውን በሳምንቱ እዚሁ እንጽፋለን።

ሁለተኛ፣ ከመቅረጻችን በፊት እንጠይቃለን። ልጆች ከሆኑ ወላጅን። እንቢ ካሉ ካሜራው ይዘጋል። የልጆች ፊት በቅርብ አይነሳም፣ ኮሜንቱም ያለ ተቆጣጣሪ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ላይ ወጪ እናወጣለን። ሜዳ ላይ ነፋስ አለ። ስልክ ደግሞ የሚሠራው የንግግርን ድምፅ ለይቶ ለማጉላት ስለሆነ ከበሮውንና ጽናጽሉን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ጥሩ ምስል ለማስተላለፍ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ቢያስፈልግ፣ በሰዓት ከ2 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ይሄን የሞባይል ዳታ አገር ቤት ያለ ልጅ ከኪሱ እንዲከፍል መጠበቅ ነውር ነው። የላይቩን ዳታ የሚከፍለው የሚያየው ሰው መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የእኛን ቻናል ምልክት ከማግዘፍ ይልቅ የተጫዋቾቹን የቡድን ስም፣ የመጡበትን ቦታ፣ ከፈቀዱም የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥራቸውን እናስቀምጣለን። ቁጥሩን የምናወጣው በራሳችን ደውለን ካረጋገጥን በኋላ ነው፤ የሚያጭበረብር ብዙ ነውና።

እናንተስ ተመልካቾቻችን? ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። የትኛውም ቻናል ላይ፣ የእኛም ቢሆን፣ ልጆች ሲጨፍሩ አይታችሁ ጣታችሁ ወደ ስጦታው ሲሄድ ቆም በሉና ኮሜንት ላይ "ይሄ ለማን ይደርሳል?" ብላችሁ ጻፉ። 5 ሰው ቢጽፈው ቻናሉ ያልፈዋል። 500 ሰው ቢጽፈው መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። አዝማሪ ካያችሁም ግጥም ጻፉለት፤ ድምፁ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ "ተቀበል" ማለት እኮ አሁን ይቻላል። ሲኒማ ያልቻለውን ላይቭ ይችለዋል። ሲቀበላችሁ ግን ግንባሩ ላይ የምትለጥፉትን አትርሱ። ክላርክ ካውንቲ "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ በሰየመው ሰፈራችን አንድ ቀን የአደባባይ መድረክ ከተዘረጋም በዚሁ ሥርዓት ቢጀመር ደስ ይለናል፤ ከተበላሸ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

እማማን ሳንጨርስ አንሰናበት። ያን ቀን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ነግቶ የሰፈራቸው ልጆች ደጃቸው መጥተው ጨፈሩላቸው። እማማ ሙልሙሉን አወጡና ለልጆቹ አደሏቸው፤ ከዚያ እንደገና ገብተው ሌላ ይዘው ወጡ። "ይሄኛው ደግሞ የላስ ቬጋሶቹ ድርሻ ነው፣ እናንተ ብሉላቸው" አሏቸው። ልጆቹም ለማያውቋቸው የግሪን ቫሊ ልጆች መርቀው ሄዱ።

ለሚመጣው ቡሄ እዚህ ሙልሙል ይጋገራል፤ ዱቄቱን የሚገዛውም ከአሁኑ ታውቋል። ሐሳባችሁን ጻፉልን፣ ለወዳጅ አጋሩ። ቸር ወሬ ያሰማን፤ እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።